ስድስት ሰው፣ አሥራ አምስት ክር፦ ትኩስ የሒሳብ ምርምርን ለሰፈር ሰው ማቅረቢያ መመሪያ

የመጀመሪያው ዝግጅቴ በ25 ደቂቃ ነው ያለቀው። እዚሁ ሀዋሳ አንድ አዳራሽ ለምኜ አገኘሁ። ስለ ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይም ስለሚባሉት) 38 ስላይድ አዘጋጀሁ። ሸሚዝ ሁሉ ተኩሼ ነው የሄድኩት። ስድስተኛው ስላይድ ላይ መብራት ጠፋ። ትንሽ ጠበቅን፣ አልመጣም። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሳ። ቅር ያለው ሰው ግን አላየሁም። እንዲያውም ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው።

ለሳምንታት መብራቱን ስረግም ከረምኩ። የገባኝ ቆይቶ ነው። መብራቱ ባለውለታዬ ነበር። ያ ዝግጅት ሙሉ ሰዓቱን ቢሄድ ኖሮ አንድም ሰው ዳግም አይመጣልኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለ ስላይድ ሞከርኩ። ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ቡና ቤት በረንዳ ላይ፣ አንዴም ከእድር በተዋስነው ወንበር ጊቢ ውስጥ። አንዳንዱ ሠራ፣ አንዳንዱ ከሸፈ። ይሄ መመሪያ ከዚያ የወጣ ነው። የጻፍኩት ለመምህራን፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ወይም እንዲሁ ሒሳብ ለሚወድና ብቻውን መውደድ ለሰለቸው ሰው ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር እንስማማ። ዓላማችን ማስተማር አይደለም። ማንም ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል መግባት አይፈልግም። ዓላማችን ሰውን እጁን ይዘን የሰው ልጅ ዕውቀት የሚያልቅበት ጫፍ ድረስ መውሰድ ነው። «እስከዚህ ይታወቃል፤ ከዚህ ወዲያ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም» ስትሉ ስልኩን የሚነካካው ልጅ ሳይቀር ቀና ይላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ለመድረስ ነው።

አንደኛ፦ ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ምረጡ

«የቁጥር ቲዎሪ» ርዕስ ነው። «ብርቱካን ስንቆልል ከዚህ በላይ ማጠጋጋት ይቻላል?» ጥያቄ ነው። ርዕስ ሲሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ጥያቄ ሲሰማ ግን መልስ ይሞክራል።

ጥያቄውን በሦስት ወንፊት አሳልፉት። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ሊደግመው ይችላል? በእጅ የሚነካ ነገር አለው? ዛሬም ያልተፈታ ጭራ አለው? ከሦስቱ አንዱን ካላለፈ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

እኔ የምመላለስባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ የብርቱካን ክምር ነው። ገበያ ያለችው ፍራፍሬ ሻጭ የምትቆልልበት መንገድ ከሁሉ የተጠጋጋው መሆኑን የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1611 ገምቶ ነበር (የግኝት ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዚያ አቆላለል ኳሶቹ ከቦታው 74 በመቶ ያህሉን ይሞላሉ፤ ቀሪው አየር ነው። ቶማስ ሄልስ የተባለው አሜሪካዊ ማረጋገጫውን ያቀረበው በ1998 ነው። ገምጋሚዎቹ ዓመታት ለፍተው «99 በመቶ እርግጠኞች ነን» ብለው ቆሙ። ሄልስ በዚህ አልረካም። ከባልደረቦቹ ጋር እያንዳንዱን እርምጃ በኮምፒውተር አስጣራው፤ ሥራው ያለቀው በ2014 ነው። ዩክሬናዊቷ ማሪና ቪያዞቭስካ ደግሞ ተመሳሳዩን ጥያቄ በስምንት ዳይሜንሽን በ2016 ፈታችው፤ እኛ የምንኖርበት ቦታ ሦስት ብቻ ነው ያለው፦ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት። በ2022 ከሒሳብ ታላላቅ ሽልማቶች አንዱን፣ የፊልድስ ሜዳሊያን ተሸለመች። ሌሎቹ ብዙዎቹ ዳይሜንሽኖች ግን እስከ ዛሬ አልተፈቱም። ጭራው እሱ ነው።

ለመናኸሪያ ወረፋ ደግሞ የኮላትዝ ጥያቄ አለ። አንድ ቁጥር ያዙ። ለሁለት የሚካፈል ከሆነ አካፍሉት፤ ካልሆነ በ3 አባዙትና 1 ጨምሩበት። ደጋግሙት። ሁልጊዜ 1 ላይ ይደርሳል? 27ን ሞክሩት። እስከ 9232 ይወጣና ከ111 እርምጃ በኋላ ነው 1 የሚሆነው። ቁጥር ሁሉ 1 ላይ እንደሚደርስ እስካሁን ያረጋገጠ የለም። የሒሳብ ሊቁ ቴሬንስ ታኦ በ2019 ጠጋ አለ እንጂ አልደረሰበትም። ብር የሌለው፣ ወረቀት የሌለው፣ ባስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይችለዋል።

የወደቀብኝንም ልናገር። አንድ ጊዜ አሞራ ገደል ወርጄ ለዓሣ አጥማጆቹ ስለ ቋጠሮ ሒሳብ ላወራ ሞከርኩ። ታሪኩ ያምራል። ሊሳ ፒቺሪሎ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ የኮንዌይን ቋጠሮ ጥያቄ፣ 50 ዓመት ገደማ የቆየውን፣ በ2018 ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ነው የፈታችው። ገመድም መረብም እዚያው አለ። ችግሩ ጥያቄው ራሱ አራተኛ ዳይሜንሽን ይፈልጋል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ የሠራሁትን ገመድ አገላብጦ አየና «ይሄ እኮ ቋጠሮ አይደለም፣ የተወሳሰበ ገመድ ነው» አለኝ። ሳቁብኝ፣ የዓሣ ሾርባ ጋበዙኝ፣ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ወንፊት አልፎ አንደኛው ላይ የወደቀ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

የሪማንን መላምት፣ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች አበታተን የሚነሳውን ዝነኛ ጥያቄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አትንኩት። ታላቅ ነው፣ አልክድም። ግን ጥያቄውን ለማስረዳት ብቻ ሰዓት ይፈጃል። እንግዳ ጠርቶ በር ላይ እንደ ማቆም ነው።

ሁለተኛ፦ ግማሽ ወረቀት ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር

አዲስ ግኝት በዜና ስትሰሙ ዜናውን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ላይ የምርምር ጽሑፎቹ በነፃ ይገኛሉ። መግቢያውን ብቻ አንብቡ። ሌላው ባይገባችሁ አትደንግጡ፣ ለባለሙያውም ያስቸግራል። የማይገባችሁን ምልክት አድርጋችሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ትምህርት ክፍል ሂዱ። ኢሜይል አትጻፉ። በእግራችሁ ሂዱና «አሥር ደቂቃ ስጡኝ» በሉ። አሥሩ ደቂቃ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ይሆናል። እነሱም የሚያወሩት ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ግማሽ ወረቀት ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ቀድሞ የሚታወቀው፣ አዲሱ፣ የቀረው። እነዚህን መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ዝግጅቱን አራዝሙት።

ግኝቱ በሌሎች ባለሙያዎች ገና ያልተገመገመ ከሆነ እንደዚያው ንገሩ። «እየተመረመረ ነው» ማለት አያሳፍርም። የሄልስን 99 በመቶ አስታውሱ። የቀረችው አንድ በመቶ ናት ሰውዬውን ዓመታት ያሠራችው። እኔ ይህን ታሪክ ስናገር ሰው ከብርቱካኑ ይልቅ በአንዷ በመቶ ይገረማል።

ሦስተኛ፦ አፋችሁን አለማምዱ

አብዛኞቻችን ከፍ ያለውን ሒሳብ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ መምህር ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ሲያስረዳ ይተበተባል። ቃሉ የለውም። ይሄ የዕውቀት ሳይሆን የአፍ ልምምድ ጉዳይ ነው፤ ጮክ ብሎ ብቻ ነው የሚለመደው።

በጣም የሚያስቸግረው ቃል «ፕሩፍ» ነው። አንድ ጊዜ «ማረጋገጫ ተገኘለት» ብዬ አንድ ጡረተኛ አባት «ማኅተም አለው?» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ማረጋገጫ ለእሳቸው ከቀበሌ የሚመጣ ወረቀት ነው። እና ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ በምሳሌ ማሳየት ይሻላል። እኔ የምጠቀመው ባሕረ ሐሳብን ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ ከየትኛውም አሥር ሰው አንዱ አበቅቴና መጥቅዕ የሚለውን ሰምቶ ያውቃል።

እንዲህ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2018ን ዓመት ውሰዱ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበሩ ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ሠላሳ ሠላሳውን ስትጥሉ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሠላሳ ሠላሳውን ስትጥሉ 18፤ መጥቅዕ ነው። ሁለቱን ደምሩ፦ 30። የ2017ን ብትሞክሩም 1 እና 29 ይመጣል፤ አሁንም 30።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ጠይቁ፦ «ሁልጊዜ ነው ወይስ አጋጣሚ ነው?» አንዱ «መቶ ዓመት አስልተን እንይ» ይላል። መቶ ዓመት ማስላት ግን ፕሩፍ አይደለም፤ መቶ አንደኛው ሊያሳፍር ይችላል። ፕሩፉ አንድ መስመር ነው። አንዱን ቁጥር በ11 አባዛችሁት፣ ያንኑ ቁጥር በ19 አባዛችሁት። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ ድምሩ ሁሌም የ30 ብዜት ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል ሌላ ሊሆን አይችልም። ጡረተኛው አባት ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸውን መቱ። «ስንት ዓመት ስቆጥረው!» አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይሄ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። «አባቶቻችን የዛሬውን ሁሉ ያውቁ ነበር» ወደሚል ጭብጨባ እንዳትንሸራተቱ። ጭብጨባው ይጣፍጣል፣ ጥያቄውን ግን ይገድለዋል።

ቋንቋ ካነሳን፣ ሀዋሳ ናችሁና ሲዳምኛ የሚናገር ጓደኛ አብሯችሁ ይቁም። አስተርጓሚ አታድርጉት። ግማሹን ክፍል እሱ ይምራው። እኔ በአማርኛ አምስት ደቂቃ የለፋሁበትን ጓደኛዬ በሲዳምኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሲጨርሰው አይቻለሁ። ምን እንዳለ ጠይቄው «ስለ ሠርግ ነው ያወራሁት» አለኝ።

አራተኛ፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ ዕቃ

ሰው ካለበት ሂዱ እንጂ ሰው አትጥሩ። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ሰው አይጠፋም። ቡና ቤት ከሆነ ባለቤቷን አስቀድማችሁ አናግሩ፤ ሰው እንደምታመጡላት ከገባት ወንበር ትሰጣችኋለች። ከሃያ ሰው በላይ አትፈልጉ። ሃያ ሰው ይነጋገራል፣ መቶ ሰው ያዳምጣል።

ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ ነፋሱን አትርሱ። አርባ የወረቀት ቅርጽ ስቆርጥ አድሬ በአንድ ነፋስ ግማሹ ሐይቅ ገብቶብኛል። አባ ኮዳዎቹ ዓሣ መስሏቸው እየተሽቀዳደሙ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሳሙና ካርቶን ብቻ ነው የምጠቀመው።

ሌላው ዕቃ ርካሽ ነው። ሁለት ቀለም ያለው የሹራብ ክር፣ ጠመኔ፣ መቀስ። ማይክ አያስፈልግም። ፕሮጀክተሩን ቤት ተዉት።

ከዝግጅቱ በፊት ለአንድ ሰው ብቻ ቡና ላይ ተናገሩት። ሒሳብ የሚጠላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሲያዛጋ ሰዓታችሁን እዩ። እዚያ ደቂቃ ላይ ያለውን ነገር አውጡት።

አምስተኛ፦ ሰዓቱ ራሱ

አሁን አንዱን ዝግጅት ከእነ ሁለመናው ላሳያችሁ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንድ ቦታ የተሰበሰቡ ሰዎች መካከል፣ ወይ ሦስቱ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ ወይ ሦስቱ እርስ በርስ ፈጽሞ የማይተዋወቁ የግድ እንዲገኙ ስንት ሰው ይበቃል?

አምስት ሰው አስነሱ። በረከቦቱ ዙሪያ ይቁሙ። «እያንዳንዳችሁ በግራና በቀኝ ያለውን ብቻ ታውቃላችሁ እንበል» በሏቸው። በሚተዋወቁት መካከል ቀይ ክር፣ በማይተዋወቁት መካከል አረንጓዴ ክር ዘርጉ። ቀዩ አምስት ጎን ያለው ክብ ዓይነት ይሠራል። አረንጓዴው መሐል ላይ ባንዲራችን ላይ ያለውን ኮከብ ይመስላል። ሁልጊዜ እዚህ ጋ አንድ ሰው ፎቶ ያነሳል። አሁን አንድ ቀለም ብቻ ያላቸው፣ ሦስት ሰው የሚያገናኙ ሦስት ክሮች ይፈልጉ። የለም። ስለዚህ አምስት ሰው አይበቃም።

አሁን ስድስተኛ ሰው ጥሩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እውነተኛ ትውውቃቸውን ይናገሩ፤ ማን ማንን ያውቃል? ስድስት ሰው መካከል 15 ጥንድ አለ፤ 15 ክር። ክሩ ይጠላለፋል፣ ሰው ይስቃል፣ «አንቺን እኮ አረብ ሰፈር አይቼሻለሁ፣ ማየት ማወቅ ነው?» የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩን ተዉት፤ እነሱ ይወስኑ። ሲጨርሱ አንድ ቀለም ያለው ሦስት ማዕዘን ፈልጉ ትሏቸዋላችሁ። ያገኙታል። «ቀለሞቹን እንደፈለጋችሁ ቀያይሩና አበላሹት» በሏቸው። አሥር ደቂቃ ይታገሉ። አንዱን ሲያፈርሱ ሌላው ይበቅላል። ሁለት ሦስቴ ሲያቅታቸው «አይቻልም ማለት ነው?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከእነሱ እስኪመጣ አትናገሩ። ዝም ማለት ከዝግጅቱ ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው፤ እኔ አፌን በቡና ሲኒ ነው የምዘጋው።

ከዚያ ፕሩፉ። ከስድስቱ አንዷን፣ ጀበናዋን የያዘችውን ልጅ አስቁሟት። ከእጇ አምስት ክር ይወጣል፣ ቀለሙ ሁለት ነው። አምስት ነገር ለሁለት ሲከፈል አንደኛው ወገን ቢያንስ ሦስት ይደርሰዋል። ሦስቱ ቀይ ናቸው እንበል። እሷን ተዉና እነዚያን ሦስት ሰዎች ተመልከቱ። በመካከላቸው አንድ ቀይ ክር ካለ፣ ያ ክር ከእሷ ሁለት ቀይ ክሮች ጋር ቀይ ሦስት ማዕዘን ዘጋ። አንድም ቀይ ከሌለ፣ ሦስቱ እርስ በርስ አረንጓዴ ናቸው። ማምለጫ የለም። ይህንን ሳትናገሩ፣ ክሩን በእጃችሁ እየያዛችሁ አሳዩት። ከሚጮኹት መካከል ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ ሒሳብ የሚፈራ አንድ ሰው አለ።

አሁን ወደ ጫፉ። ሦስት የነበረውን አራት አድርጉት። አራት የሚተዋወቁ ወይም አራት የማይተዋወቁ የግድ እንዲገኙ 18 ሰው ይበቃል፤ ይህ ከ1955 ጀምሮ ይታወቃል። አምስት አድርጉት። እዚህ ላይ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። መልሱ 43፣ 44፣ 45 ወይም 46 ነው። የትኛው እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

ሰው አያምንም። «ኮምፒውተር አይቆጥረውም?» ይላል። ጥሩ። ጠመኔውን አንሱና አስሉ። 43 ሰው መካከል 903 ጥንድ አለ። እያንዳንዱ ክር ሁለት ቀለም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 2ን በራሱ 903 ጊዜ ማባዛት ነው። ውጤቱ 272 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። በረንዳው ወለል ላይ አንድ ጻፉና ከኋላው ዜሮ መደርደር ጀምሩ። ሃያ ዜሮ ላይ ስትደርሱ ጠመኔውን ለልጅ ስጡት። ልጁ እየጻፈ እናንተ ቀጥሉ። አንድ ቀን ልጁ ከበረንዳው ወርዶ ኮብልስቶኑ ላይ ሲጽፍ አገኘነው።

ታሪኩን ከዚህ በኋላ ነው የምናመጣው። ነገሩ የሚጠራው በፍራንክ ራምሴ ስም ነው፤ እንግሊዛዊ ነበር፣ በ1930 በ26 ዓመቱ ሞተ። በ1935 የሒሳብ ሊቆቹ ኤርዲሽና ሴከሬሽ ጣሪያ አበጁለት፦ አሥር የሚተዋወቁ ወይም አሥር የማይተዋወቁ ከፈለጋችሁ፣ 4ን አሥር ጊዜ አባዙ፤ ያን ያህል ሰው በእርግጥ ይበቃል። አንድ ሚሊዮን ከ48 ሺህ ገደማ ነው። ጣሪያው ብዙ ከፍ ያለ መሆኑን ሁሉም ይጠረጥራል። ሆኖም ያንን 4 ዝቅ ማድረግ ለ88 ዓመት አልተቻለም። በ2023 ካምፖስ፣ ግሪፊትስ፣ ሞሪስና ሳሃስራቡዴ አወረዱት፤ ቁጥሮቹ በጣም ትልልቅ ሲሆኑ 4ን ከእሱ ጥቂት በሚያንስ ቁጥር መተካት እንደሚቻል አረጋገጡ። ሰው «በዚህች ታክል ነው?» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ። ከዚያ «ስድስቱን ሰው ለማፍረስ ስንት ደቂቃ ታገላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚያ ላይ አቁሙ። 50 ደቂቃ ይበቃል። እኔ አንዴ ስለጣመኝ ሁለት ሰዓት ሄድኩና የመጨረሻዎቹ አድማጮች ባለቤቷና ድመቷ ነበሩ።

ስድስተኛ፦ እጅ ለሚወድ ሰው፣ ኮፍያው

ሁለተኛው ዝግጅት ካለ በካርቶን ይሁን። ሀዋሳ በኮብልስቶን የተነጠፈ መንገድ ሞልቷል። ንጣፍ ሁሉ ይደጋገማል። ጥያቄው፦ ወለልን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍን፣ ግን ሥርዓቱ በፍጹም የማይደጋገም አንድ ብቸኛ ቅርጽ አለ? በ1960ዎቹ ሮበርት በርገር ይህን ሊያደርግ የሚችል ስብስብ አገኘ፤ 20,426 ዓይነት ቅርጾች ነበሩት። በ1970ዎቹ ሮጀር ፔንሮዝ ወደ ሁለት አወረደው። አንድ ግን ጠፋ። በ2022 መጨረሻ ያገኘው ፕሮፌሰር አይደለም። ዴቪድ ስሚዝ የሚባል፣ እንግሊዝ አገር የሚኖር፣ ከማተሚያ ሙያ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከወፍራም ወረቀት ቆርጦ እየገጣጠመ ነበር። በመጋቢት 2023፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ከሦስት ባለሙያዎች ጋር ማረጋገጫውን አወጣ። 13 ጎን ያለው ቅርጽ ነው፣ «ኮፍያ» ይሉታል።

የኮፍያውን ንድፍ ከኢንተርኔት አትሙ፣ ካርቶን ላይ ለጥፉ፣ ቢያንስ ስድሳ ቁረጡ። አንዱን ወገን ቀለም ቀቡት። ኮፍያው አንዳንድ ቦታ ተገልብጦ ካልገባ አይገጥምም፤ ከስምንት አንዱ ገደማ ይገለበጣል። ይህን አስቀድማችሁ አትንገሩ። ከሃያ በላይ ገጣጥመው ሲጣበቁ አንድ ሰው በብስጭት ይገለብጠዋል፤ ይገባል። በዚያው ዓመት ከሁለት ወር ትንሽ በኋላ መገልበጥ የማይፈልግ ሌላ ቅርጽም ያው ቡድን አወጣ።

አገላለጻችሁን እዚህ ላይ ጠብቁ። «የማይደጋገም» ሲባል ሰው የሚረዳው አንድ ዓይነት ቁራጭ ሁለተኛ አይታይም ማለት ነው። ልክ አይደለም። ቁራጮች ይደጋገማሉ፣ እንዲያውም ማለቂያ በሌለው ብዛት። የማይሆነው ሙሉውን ንጣፍ ወስዶ ሳያዞሩ አንሸራትቶ በራሱ ላይ ማሳረፍ ነው። ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ጥቂቱን ገልብጣችሁ እያንሸራተታችሁ አሳዩት። ኮብልስቶን የሚያነጥፍ አንድ ወጣት ይህን ካየ በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ «ታዲያ ሠራተኛው የሚቀጥለው የት እንደሚገባ በምን ያውቃል?» መልስ አለው፤ ትንንሹ ስብስብ ወደ ትልልቅ ስብስብ ያድጋል፣ ያም ወደ ሌላ። ግን ያን ቀን አልመለስኩለትም። ስድስት ካርቶን ሰጥቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰባተኛ፦ የሚመጡ ጥያቄዎች

«ምን ይጠቅማል?» የግድ ይመጣል። አትዋሹ። ጥቅም ያለው ሒሳብ ሞልቷል፤ ብቸኛ ቁጥሮች በኢንተርኔት የሚላክ መልእክት ከሚቆለፍባቸው መንገዶች አንዱ ናቸው። ኳስ በ24 ዳይሜንሽን ከመደርደር ጋር ዘመድ የሆነው የጎላይ ኮድ ደግሞ ቮየጀር መንኮራኩሮች የጁፒተርንና የሳተርንን ፎቶ ሲልኩ ስህተት ለማረም ረድቷል። የራምሴን ጥያቄ ግን ሳነሳ «ለዛሬ እንጀራ አይጋግርም» እላለሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እስክስታስ ምን ይጠቅማል?» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ የእሷን መልስ ነው የምሰርቀው።

«ኤአይ አይሠራውም?» ለሚል ወጣት 272 አኃዙን አሳዩት። ኮምፒውተር የሄልስን ሥራ እንዳጣራም ንገሩት። ሁለቱም እውነት ነው።

«ፈታሁት» የሚል ሰው ይመጣል፤ በተለይ ኮላትዝን። አትሳቁበት። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አብራችሁ አንብቡ፣ የተሰነጠቀውን ቦታ በእርሳስ አክብቡና መልሱለት። ከእነዚህ አንዱ አሁን ወንበር የሚያመጣልኝ ሰው ነው።

የማታውቁት ከመጣ «አላውቅም፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠይቄ እመጣለሁ» በሉ። ከዚያ የምር ጠይቃችሁ ሂዱ። ጥያቄውን ያነሳው ሰው የሚመጣው ለዚያ ብሎ ነው።

ስምንተኛ፦ ሲያልቅ

ክሩን ዕለቱን ጠቅልሉት፤ ካደረ ማንም አይፈታውም። ፕሩፉን ያላሳያችሁትን አንድ ጥያቄ ለቤት ስጡ። ለምሳሌ፦ ስድስት ሰው ሲሰበሰብ አንድ ቀለም ያለው ሦስት ማዕዘን አንድ ብቻ ነው ወይስ ቢያንስ ሁለት? መልሱን በቴሌግራም እንዳትልኩ። ቢያንስ ሁለት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ከመጣ የሚቀጥለውን ዝግጅት እሱ ይምራው።

ካርቶኖቹን ደግሞ ቁጠሩ። እኔ ባለፈው ስድሳ ኮፍያ ይዤ ሄጄ ሃምሳ ሦስት ይዤ ተመለስኩ። ስድስቱን ኮብልስቶን የሚያነጥፈው ልጅ ወስዷል። ሰባተኛውን ማን እንደወሰደው እስካሁን አልደረስኩበትም።